አንድ ቤት፣ ሰባት ማንኪያ

አንዲት ሴትን ሰባት ሰው አድርጌ ጽፌ አውቃለሁ። ጠላ አልቀመስኩም፣ ፀሐይም አልመታኝም፤ በጤናዬ ነው። የሆነው በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ጥቅምት ሊገባ ሲል፣ ከአሰላ በላይ በጪላሎ ተራራ ጥግ ባለች አንዲት መንደር ነው። በዕድሜዬ የሠራሁትን ስሕተት ሁሉ ልጻፍ ብል የጋዜጣችሁ ገጽ አይበቃም፤ ባለቤቴም ከራሷ የምትጨምረው አይጠፋም። ይህኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ከስሕተቶቼ ሁሉ ለሰው የጠቀመ እሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን አስቤበት አላደረግሁትም።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ አሰላ ውስጥ ሥራ ፈትቼ እዞራለሁ። የእጅ ጽሑፌ ቆንጆ ነበር። ከእጅ ጽሑፌ በቀር ሌላ ቆንጆ ነገር ስላልነበረኝ በእሱ በጣም እኮራ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት በተራራው ጥግ ላሉት መንደሮች ክሊኒክ ሊሠራ አስቦ፣ ሰው የሚበዛው የትኛው ጋ እንደሆነ ለማወቅ ቆጣሪ ፈለገ። ጽሑፌን አይተው ቀጠሩኝ። መቁጠር እችል እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ቅጹ ቀላል ነበር። የቤቱ ባለቤት ስም፣ ያለፈውን ሌሊት በዚያ ቤት ያደረ ሰው ብዛት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ «እዚህ ቦታ ለምን ሰፈሩ?» የሚቆጠረው ያደረ ሰው ብቻ ነው። ሩቅ አገር ያለ ልጅ፣ መንገድ ሄዶ ያልተመለሰ ባል አይገባም። አለቃችን ይህን ሕግ እንደ ዳዊት አስደግመውናል።

ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ ወደድኳት። ሰው ለምን አንዱ ቦታ ላይ ተፋፍጎ ሌላውን ባዶ እንደሚተወው ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም። አንዱ «ታች ወባ አለ፣ እዚህ ብርድ አለ፤ ከብርዱ ጋር ተለማመድን» አለኝ። ሌላው «ምንጩ እዚህ ነዋ!» ብሎ እንደ ሞኝ አየኝ። አንድ ሽማግሌ «አባቴ እዚህ ተቀብሯል» አሉ። ከኢተያ በኩል መሬቱን ተነጥቆ ወደ ላይ የወጣ ሰው ደግሞ «ከዚህ በላይ ድንጋይ ስለሆነ ነው እንጂ ገና እወጣ ነበር» አለ።

ለልምምድ ብዬ መጀመሪያ የጠየቅሁት የገዛ አባቴን ነው። አያቴ ጠመንጃ ይዘው ከሸዋ መጥተው መሬት የተሰጣቸው ሰው ናቸው። አባቴ ግን «አባባ በቅሏቸው እዚህ ስትደርስ ደከመች» አሉኝ። እንዳለ ጻፍኩት። በቅሎዋ ስትደክም መሬቱ ላይ ማን ይኖር እንደነበር የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም፤ እኔም ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

አብሮኝ የተቀጠረው ሁሴን ይባላል። የአሰላ ተወላጅ ነው፤ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ እህል ሲነግድ ኖሮ ነው ወደ ቆጠራው የገባው። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ነው የሚያዛቸው። የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነበር፤ ገብስ ለመግዛት ይበቃል፣ የሰው ልብ ለመስማት አይበቃም።

በመጀመሪያው ቀን ሥራችን ሊበላሽ ነበር። እዚያ አገር «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ተብሎ አይጠየቅም። ልጅም ሆነ ከብት አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ነገር ዓይን ይገባዋል፣ ይጎድላል ብለው ይፈራሉ። እኔ ያንን ሳላውቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ጣቴን እየቀሰርኩ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ስል አንዲት እናት ልጆቿን በቀሚሷ ከልላ «ጣትህን ሰብስብ!» ብላ ጮኸችብኝ። ውሻዋም ደገመችው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሴን ለሰው ሲያወራ «አጥሩን ዘለለው» ይላል። አልዘለልኩም፤ በውስጡ ነው ያለፍኩት።

መላውን ያመጣው ሁሴን ነው። «አንተ ሰው መቁጠሩን ተውና ማንኪያ ቁጠር» አለኝ። እዚያ አገር ገንፎ የሚበላው ከቀንድ በተሠራ ማንኪያ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ አለው፤ ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ ይሠራለታል። ማንኪያዎቹ ቤቱ መካከል ካለው ምሰሶ ላይ በታሰረ ጠፍር ተሰክተው ይቀመጣሉ። ገብተህ ትቀመጣለህ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ትጫወታለህ፤ ከንፈርህን ሳታንቀሳቅስ ማንኪያውን በዓይንህ ትቆጥራለህ፤ አመስግነህ ወጥተህ ከአጥሩ ውጭ ትጽፋለህ። ማንም አይቀየምም። ሠላሳ ያህል ቤት እንዲያ ቆጠርን። ሁሴን በጨዋታ በጨዋታ ከጎረቤት ሲያጣራ አንድም ስሕተት አላገኘም። እኔም ዘዴውን ራሴ ያመጣሁት እስኪመስለኝ ድረስ ደረቴን ነፋሁ።

የመጨረሻዋ ቤት ከመንደሩ በላይ፣ ገብሱ አልቆ አስታ የሚባለው የተራራው ቁጥቋጦ ከሚጀምርበት ጥግ፣ ለብቻዋ ነበረች። የሁሴንን ተረከዝ ጫማው ልጦት ስለነበር ከታች ቁጭ አለና «አንዲት ቤት ናት፤ እሷን ብቻህን ትችላታለህ» አለኝ። እችላለሁ ብዬ ወጣሁ።

የቤቱ ባለቤት አደ ቡልቱ ይባላሉ። አደ ማለት እዚያ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ አክብሮት ነው። ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ የሚቸኩሉ ሴት ናቸው። ባላቸው ቱፋ ከሞቱ ቆይተዋል። በጢስ የታጠነ እርጎ ሰጡኝ። እርጎውን እየጠጣሁ ወደ ምሰሶው አየሁ፤ ሰባት ማንኪያ። ሰባቱም ቅቤ ተቀብተው ያብረቀርቃሉ። ቤቱ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ረፋድ ስለሆነ ሌሎቹ ከብት ይዘው፣ እንጨት ለቅመው ይሆናል ብዬ አለፍኩ። መጠየቅ አልፈለግሁም። ጠይቄ ምን እንዳገኘሁ ታውቃላችሁ።

የመጨረሻዋን ጥያቄ ግን ጠየቅሁ። «እዚህ ለምን ሰፈሩ?» አልኳቸው። ብዙ ተናገሩ። በእጃቸው መንገዱን አሳዩኝ፣ በሩን አሳዩኝ፣ ምሰሶውን ነኩ። እኔ ግማሹን አልሰማሁም፤ ውሻቸው ቁርጭምጭሚቴን እያሸተተ ስለነበር ልቤ እዚያ ነው ያለው። ሲጨርሱ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ወጥቼም በዚያ በቆንጆ ጽሑፌ «ሰባት ሰው» ብዬ፣ ከጎኑ «ለውኃ» ብዬ ጻፍኩ። ውኃው ከዚያ ቤት የግማሽ ሰዓት መንገድ ይርቅ እንደነበር ያወቅሁት ኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ በሕዝብ ፊት መነበብ ነበረበት። ትልቁ ዝግባ ሥር ሰው ተሰበሰበ። መሬቱ የአንድ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጌታ ነው፤ መንደሩ በሙሉ የእሳቸው ጭሰኛ ነው፤ ሰብሉን የሚያካፍለው፣ ጭሰኛ የሚያስገባውና የሚያስወጣው ወኪላቸው ነው። አቶ ይርጉ ይባላል። እሱም በቅሎውን አስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ድምፄን ሞርጄ እንደ አዋጅ ነጋሪ አነበብኩ። ሁሉም ደህና ሄደ። መጨረሻ ላይ «የቱፋ ቤት፣ አደ ቡልቱ፣ ሰባት» አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደ አቶ ይርጉ ዞረ።

«ስንት አልክ አንተ?» አለ አቶ ይርጉ።

«ሰባት።»

«የቡልቱን ቤት ነው የምትለው? ብቻዋን እሳት የምትሞቀውን አሮጊት?»

ወደ ሁሴን አየሁ። ሁሴን ጫማውን ያያል።

«ያንን መሬት እኔ ለሌላ ጭሰኛ ተነጋግሬበታለሁ» አለ አቶ ይርጉ። «የሚያርስ ሰው የሌለበት ቤት የተዘጋ ቤት ነው። ገብሷ እንደታጨደ ትነሣለች። አንተ ደግሞ ሰባት ሰው ከየት አመጣህልኝ?»

ይህን ጊዜ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ በዘንጋቸው ተደግፈው ተነሡ። «ጸሐፊው ሰባት ካለ ሰባት ይሆናል» አሉ። «እኛ እንግዲህ፣ ሰው አንቆጥርም።»

«አንቆጥርም» አለ ከጎናቸው ያለው።

«እኛ ምን እናውቃለን፤ አንቆጥርም» አሉ ሴቶቹ ከኋላ።

አቶ ይርጉ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው አየ። የሚስቅ የለም። በቅሎውን ፈታና «ነገ ጠዋት አንተና እኔ እንወጣለን» አለኝ። «ያደሩት ሰባት ከሆኑ እሰየው። አንድ ካገኘሁ ግን እሷም ትነሣለች፣ አንተም በውሸት ጽፈሃል ተብሎ ለአለቃህ ይነገራል።»

ከሰዓት በኋላ ከሁሴን ጋር ወደ ላይ ወጣን። ሁሴን ያነክሳል፤ መቶ እርምጃ በሄደ ቁጥር ይቆምና «ሰባት!» ይላል። ደግሞ ትንሽ ይሄድና «ልጅየው፣ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ከሰባት በታች ያለ ቁጥር አላስተማሩህም?» ይለኛል።

አደ ቡልቱ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ገብስ ይነፋሉ። ሁሴን ነገሩን በኦሮምኛ አስረዳቸው፤ የሚሉትን ደግሞ ለእኔ ይመልስልኛል። አልተቆጡም። ገብተው ማንኪያዎቹን ከጠፍሩ አንድ በአንድ እየነቀሉ አመጡ። እያንዳንዱ እጀታው ላይ የራሱ ምልክት አለው፤ እሳቸው ሳያዩ በጣታቸው ያውቁታል።

«ይሄ የእኔ ነው። ይሄ የከድር ነው፣ የበኩሬ። ሚስት ላገባ ነው፣ የማርሰው መሬት ስጪኝ አለኝ። ከየት አመጣለታለሁ? መሬቱ አባቱ እንደተወው ነው፣ ግማሹ ሰብል ለጌታው ነው፤ ልጆቹ ግን አደጉ። ጥጥ ሊለቅም ቆላ ወረደ። እዚያ ወባ አለ ስለው፣ ወባ ሰብል አይካፈለኝም አለ።»

ሌላውን አነሡ። «ይሄ የአማን፤ ወታደር ሆነ። እነዚህ የሐሊማና የሸምሲያ ናቸው፤ ዲክሲስ ነው የተዳሩት፤ እነሱም ልጅ በልጅ ሆነዋል፣ ቦታው ጠቧቸዋል። ይሄ የገዳ፤ አዲስ አበባ ይሸከማል አሉኝ።» የመጨረሻውን ግን እጃቸው ውስጥ ያዙት። «ይሄ የኤዳኦ። የመጨረሻዬ ነው። አንድ ማለዳ ከብቶቹን አውጥቶ፣ አጥሩን አጥብቆ አሥሮ ሄደ። የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ቢነግረኝ እንደማልፈቅድለት ያውቃል። አራት ክረምት ሆነው።»

«ታዲያ ለምን እዚህ ብቻዎን ይቀመጣሉ?» አለ ሁሴን። «ዲክሲስ ሴቶቹ ልጆችዎ ጋ አይሻልዎትም?»

አደ ቡልቱ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄንን እኮ ጠይቀኸኝ ነግሬሃለሁ፣ ኢልማ ኮ። አልጻፍከውም?» አሉኝ። ኢልማ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። ያን ጊዜ ያን ቃል ከምሰማ ቢሰድቡኝ እመርጥ ነበር።

«ጽፌዋለሁ» አልኩ።

«ምን ብለህ?» አለኝ ሁሴን በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«ለውኃ።»

ሁሴን ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ።

እሳቸውም ሳይሰለቹ ደገሙልኝ። «ስድስቱም በሄዱበት አገር መንገድ አያውቁም። ጨርሰው የሚያውቁት መንገድ አንድ ነው፤ እዚህ በር ላይ የሚያልቀው። ሌላ ሰው በሩን ቢከፍትላቸው ምን ይሉታል? ይቅርታ ቤት ተሳስተናል ብለው ይመለሳሉ? እኔ ለእኔ ብዬ አይደለም እዚህ ያለሁት። እኔማ ብርዱን አልወደውም።»

ላጲሴን አውጥቼ ነበር። እሱን አይተው «ያንተ ጣጣ ምንድነው?» አሉኝ። ሁሴን ነገራቸው። ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው እውነቱን ጻፍ» አሉ። «ልጅ ነህ፤ በእኔ የተነሣ ሥራህን አትጣ። አንድ ብለህ ጻፍ።»

ደጃፉ ላይ ባለ ድንጋይ ላይ ላጲሱን ይዤ ስንት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ብሰርዘው አሮጊቷ ይነሣሉ። ባልሰርዘው ደግሞ ነገ ሁለታችንም እንዋረዳለን፤ መነሣታቸውም አይቀርም። ጀግና ብሆን ኖሮ አንድ ነገር አደርግ ነበር። እኔ ያደረግሁት አፍንጫዬን መናፈጥ ነው።

«ሕጉን እስቲ አንብብልኝ» አለ ሁሴን በድንገት።

«ያለፈውን ሌሊት በዚያ ቤት ያደረ ሰው ብዛት።»

«የቤቱ ልጅ ይላል?»

«አይልም።»

«ዘመድ ይላል?»

«አይልም። ያደረ ነው የሚለው።»

ሁሴን ተነሣ። ጫማውን አወለቀ፣ በእጁ ያዘው፣ በባዶ እግሩ ቁልቁል ወደ ኦቦ ቱሉ ቤት ሮጠ። ያ የተላጠ ተረከዝ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ይርጉ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ ወጣን። እሱ ከፊት ሆኖ ያፏጫል። ከሩቅ የቤቱን ጢስ አየሁት፤ ከሌላው ቀን የወፈረ መሰለኝ። በሩ ክፍት ነበር።

ገንፎው ምድጃው አጠገብ ቀርቧል፤ መካከሉ ላይ ቅቤው ቀልጦ ተኝቷል። ዙሪያውን ስድስት ወጣቶች ተቀምጠዋል፤ አራት ጎረምሶችና ሁለት ልጃገረዶች። ሌሊት የተኙበት አጎዛና የለበሱት ጋቢ ገና ጥግ ላይ እንደተዘረጋ ነው። ሁሴን እንደነገረኝ መንደሩ ማን ይሂድ ብሎ አልተጨቃጨቀም፤ እያንዳንዱ ቤት የቦታ ጥበት ስላለበት አንድ ልጅ የማይተርፈው የለም።

አደ ቡልቱ እንግዳ መምጣቱን አይተዋል፤ ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። ማንኪያ እያደሉ ነበር። አንዱን ነቀሉና «ከድር» አሉ። ትከሻ ሰፊው የኦቦ ቱሉ የልጅ ልጅ «አቤት» ብሎ ተቀበለ። «አማን» አሉ፤ ሌላው «አቤት» አለ። «ሐሊማ»፣ «ሸምሲያ»፣ «ገዳ»። ሁሉም በጠሯቸው ስም አቤት አሉ። አንዳቸውም ስሜ እሱ አይደለም አላሉም። የአደ ቡልቱ ድምፅ ደግሞ በእያንዳንዱ ስም ላይ እየሳሳ ሄደ።

ስድስተኛው ልጅ እጁን ዘረጋ። አደ ቡልቱ የኤዳኦን ማንኪያ ነቀሉ። አዩት። በአውራ ጣታቸው ምልክቱን ዳሰሱት። ከዚያ መልሰው ጠፍሩ ላይ ሰኩት።

ልጁ እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበና በጣቱ መብላት ጀመረ።

አቶ ይርጉ አለንጋውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ትከሻ ሰፊውን ልጅ አወቀው።

«አንተ የቱሉ የልጅ ልጅ አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«ገንፎ እበላለሁ፣ ጌታዬ።»

«የት ነው ያደርከው?»

«እዚሁ።»

«ለምን?»

«መሽቶ ነበር።»

ልጃገረዶቹ አፋቸውን ያዙ። አቶ ይርጉ አልሳቀም። «ከዛሬስ ወዲያ?» አለው።

ልጁ ማንኪያውን አስቀመጠ። «እዚሁ ነኝ። አባቴ ጋ ወንድሞቼ አራት ናቸው፣ በሬው ጥንድ ነው፣ መሬቱ አይደርሰንም። የአደ ቡልቱን መሬት እኔ አርሳለሁ። ለጌታው የሚገባው እኩሌታ አይጎድልም።»

አቶ ይርጉ ወደ እኔ ዞረ። «ሕጉ ምንድነው የሚለው?»

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩለት። ከዚያም፣ ያቺ እናት ከጮኸችብኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንኪያውን ትቼ ሰዎቹን ቆጠርኩ፤ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ፣ ጣቴን ኪሴ ውስጥ ደብቄ። «ያደሩት ሰባት ናቸው» አልኩ። በዚያ ሰዓት እውነት ነበር።

አቶ ይርጉ ብዙ ሊናገር የመጣ ሰው ነበር። ግን ደጋግሞ ወደ ምሰሶው፣ ወደዚያች ተመልሳ ወደተሰካች አንዲት ማንኪያ ያይ ነበር። እሱም እናት ነበረችው መሰለኝ። «እስከ ከርሞ መኸር አየዋለሁ» አለና ወጥቶ በቅሎው ላይ ወጣ። ሲወርድ አላፏጨም።

ከገንፎው ሳልቀምስ እንዳልሄድ ለመኑኝ፤ በላሁ። ያን ጊዜ «ለውኃ» የሚለውን ሰርዤ እሳቸው ያሉትን በሙሉ ጻፍኩ። መስመሩ ስላልበቃኝ በወረቀቱ ጠርዝ ዞሬ ዞሬ ጨረስኩት። አለቃዬ ኋላ ሲያዩት «ይህ ቅጽ ነው ወይስ ደብዳቤ?» ብለው ተቆጡኝ።

ልወጣ ስል ሰማዩ ከጪላሎ ላይ ጠቁሮ መጣና ዝናቡ ወረደ። ኮቴን አንገቴ ድረስ ቆልፌ ስሮጥ አደ ቡልቱ ከኋላዬ ጠሩኝ። ከሣር የተጎነጎነ፣ እረኛ በዝናብ የሚለብሰው ገሳ ይዘው መጥተው በትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ።

«የኤዳኦ ነው» አሉኝ። «ራሱ ነው የጎነጎነው። ለቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ፤ ያን ጊዜ መልስልኝ። ዝናብ ላይ ከመጣ ያስፈልገዋል።»

«ቅዳሜ አመጣለሁ» አልኩ።

ገሳው እንደ ቤት ነው። ከውስጡ ሆነህ ዝናቡን ትሰማለህ እንጂ አይነካህም። ደርቄ አሰላ ገባሁ።

ቅዳሜ አልመለስኩም። አርብ ዕለት ለሌላ ቆጠራ ወደ ዲክሲስ በኩል ላኩኝ። ከዚያ ስመለስ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልኩ። በሚቀጥለው ታመምኩ፣ ከዚያ ሥራ ቀየርኩ፣ ከዚያ አገባሁ። ሰበብ ሞልቶኛል፤ ከፈለጋችሁ ላበድራችሁ እችላለሁ። ክሊኒኩም የተሠራው ሰው በሚበዛበት ሌላ መንደር ነው፤ የእኔ ሰባት ምንም አልጨመረም፣ ምንም አልቀነሰም።

ከዓመታት በኋላ ሁሴን፣ ነፍሱን ይማር፣ እዚያ በኩል አልፎ ነበር። አደ ቡልቱ እዚያው ቤት ውስጥ እንዳረፉ፣ ያ ትከሻ ሰፊ ልጅ እስከ መጨረሻው አብሯቸው እንደኖረና እንደ እናቱ እንደቀበራቸው ነገረኝ። «ኤዳኦስ?» አልኩት። «አልጠየቅሁም» አለኝ። እንዴት እንደዚያ ያለ ነገር ሳትጠይቅ ትመጣለህ ብዬ ተጣላሁት። ገሳውን ያልመለሰ ሰው መሆኔን አስታወሰኝ።

አሁን አሰላ ውስጥ በራሴ ሰፈር መንገድ የሚጠፋኝ ሽማግሌ ነኝ። ሰዉ በዝቶ፣ ቤቱ ተደራርቦ፣ ባጃጁ ከጋሪው ጋር እየተጋፋ ከተማው ሌላ ሆኗል። ስንዴው ተራራውን ይዞ ወደ ላይ ወጥቷል፤ የአደ ቡልቱ ቤት የነበረበት ጥግ የትኛው እንደሆነ ከበረንዳዬ ሆኜ መለየት አልቻልኩም። እኔና ባለቤቴ አራት ልጆች አሳድገናል። አንዱ ሐዋሳ ነው፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ድሬዳዋ። «ኑና ከእኛ ጋር ኑሩ፤ እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?» ይሉናል በስልክ። አንድ ቀን ጉልበቴ ነው እላለሁ፣ ሌላ ቀን ድመቷን ለማን ትቼ እላለሁ። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና ታየኛለች። እውነቱን ለእነሱ መናገር አፈርኩ፤ ለእናንተ ግን ይኸው ጻፍኩት። አመሻሽ ላይ የውጭው በር በተንኳኳ ቁጥር ሁለታችንም እኩል እንነሣለን። አብዛኛውን ጊዜ ወተት የምታመጣው ሴት ናት።

ስለዚህ ለአንድ ሰው መልእክት አለኝ። ኤዳኦ ቱፋ የምትባል፣ ከጪላሎ ጥግ በልጅነትህ ወጥተህ የሄድክ፣ ዛሬ በሕይወት ካለህ የእኔ እኩያ ትሆናለህ። ገሳህን ለአንድ ዝናብ ብዬ ወስጄ ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ብዙ ዘመን ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ኖረ፤ ኋላ አይጥ በላው። የሚጎነጉን ሰው ዛሬ እንደልብ አይገኝም፤ አንድ ሽማግሌ ግን አግኝቻለሁ፤ ልኩን አምጣ ብለውኛል። አሰላ ብቅ ስትል በሬን አንኳኳና ትከሻህን ልለካው።